ወንድሜ ዘር ሲቆጥር

ሰው ሲያረጅ ቢረሳ ነውር የለበትም። ጎረቤቴ ቁልፏን ያኖረችበት ቢጠፋት የምትቸገረው እሷው ናት። ዘር ቆጣሪ ሲረሳ ግን አገር ይቸገራል። እናንተ ተያይታችሁ ስለምትጋቡ ይህን አታውቁትም።

በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ከተማ፣ ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ደጀኔን ሳያስቆጥር ልጁን የሚድር ከእኛ ወገን አልነበረም። ሁለቱ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያለ የሁለቱንም ሐረግ ይወጣበታል። የቀበሌ ጓዶች የፊውዳል ልማድ ነው እያሉ በስብሰባ ያወግዙታል፤ ሲያገቡ ግን በጓሮ በር መጥተው ያስቆጥራሉ።

ይህን ወንድሜን ስኳር ያዘው። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ጠፍቶ አገሩ ሻዩን በከረሜላ ሲጠጣ፣ በእሱ ደም ውስጥ ሞልቶ ተገኘ። ሐኪሙ፣ ይህ በሽታ ዓይንና እግር ብቻ ሳይሆን ውሎ አድሮ ማሰቢያንም ያደክማል ቢለኝ በግልምጫ አነሳሁት። የእኛ ቤት ጭንቅላት በስኳር የሚሟሟ መስሎት።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ መቀመጥ አስጠላው። ይነሳል፣ በር ድረስ ይሄዳል፣ ለምን እንደሄደ ይጠፋውና ይመለሳል። እኔም አብሬው እነሳለሁ። መርፌውን ተወግቶ ምግብ ሲዘገይበት ይዘባርቃል፤ ከረሜላ ሳጎርሰው ልቡ ይመለሳል። ስለዚህ ሁሉንም በረሃብ አሳበብኩ። ማየት ያልፈለገ ሰው ሰበብ አያጣም።

የአጋሮ ሰዎች ልጄን አሰለፈችን ለልጃቸው ሊጠይቁ መጡ። ልጆቹ ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ የቀረው ቆጠራው ነው። የልጁ አባት አቶ ከፍያለው ጎረቤታችንን ሐጂ ነዚፍን ይዘው ገቡ። ጋሼ የልጁን ሐረግ ጠይቆ ወጣበት፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። አባታችንን ጠራ። አያታችንን ጠራ። ከዚያ በላይ ግን እግሩ እንደተንሸራተተ ሰው ወደ እነሱ ሐረግ ገባና የልጁን ቅድመ አያቶች የእኛ አድርጎ ቆጠረ። አቶ ከፍያለው የገዛ አያቶቻቸውን ስም ሲሰሙ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

"ሥጋና ደም ናቸው፤ አይሆንም" አለ ጋሼ።

እንግዶቹ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከመጋረጃው ኋላ አሰለፈች ስትነፋረቅ ይሰማኛል። የእኛን ሐረግ ከእሱ ሌላ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ልጄ ቀረች፤ ብናገር አገር የሚያደምጠው ወንድሜ በሰው ፊት አበቃለት።

ከረሜላ ሰጠሁት።

"ምነው እቴ፣ ሕፃን አደረግሽኝ" አለና መጠጠው።

ከረሜላው እስኪሠራ እንግዶቹን በወሬ አቆየኋቸው፤ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። "አሁን እስቲ ድገመው፣ ጋሼ።"

ደገመው። እዚያው ቦታ ላይ ተንሸራተተ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፦ "ለመሆኑ የሚያገባው ማን ነው?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቢሆንም አወጣሁት። "ወንድሜ ታሟል። ስኳሩ ማሰቢያውን ነክቶታል። የቆጠረው የእናንተኑ ነው።"

አቶ ከፍያለው መሬት መሬት አዩ። ሐጂ ነዚፍ ጉልበታቸውን እያሹ፣ "አላህ ያሽራቸው። በሉ እርስዎ ይቁጠሩልን፤ ወላሂ እግሬ ደንዝዟል" አሉ።

ቆጠርኩ። የሚያገናኝ የለም። ተመራረቅን።

በማግስቱ አረፍኩ ስል በሩ ተንኳኳ። ወሬው እስከ ሸቤ ከተማ ደርሷል። በጋሼ ቆጠራ የተጋባ ሁሉ፣ የልጅ ልጅ ያየው ሳይቀር፣ እንደገና ቁጠሪልን ብሎ ደጄን ሞላው። ጋሼ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ "አንተ የማን ልጅ ነህ?" ይላቸዋል፤ እነሱም ከበፊቱ ይበልጥ ይደነግጣሉ።

ከሁሉም ያስቸገረችኝ አንዲት የአሰንዳቦ ሴት ናት። የእሷንም የባሏንም አያቶች እየጠየቅኩ አንድ በአንድ ቆጠርኩላት።

"በይ ደስ ይበልሽ፤ ከባልሽ ጋር በምንም አትገናኙም" አልኳት።

ደስ አላላትም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"እትዬ፣ የሚያገናኘን አይጠፋም፤ እስቲ ትንሽ ወደ ላይ ይግፉት።"