የቡራዩው አጋፋሪ

ቤተ መንግሥት ያገለገለ ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ። ሰበታ አንድ አሉ። ሱሉልታ ሁለት አሉ፤ ሁለቱ ግን አይስማሙም፤ አንደኛው ስለ ሌላኛው ሲጠየቁ «እሱ እኮ በጓሮ በር ነበር የሚገባው» ይላሉ። አገለገልን የሚሉት ሁሉ እውነት አገልግለው ቢሆን ኖሮ ያ ግቢ እስከ ገፈርሳ ውሃ ድረስ መስፋት ነበረበት። የቡራዩው ግን እውነተኛው ናቸው፤ ባለሱቁ ሀሰኖ በዚህ ጉዳይ ክርክር አይቀበልም።

ክቡር ልጅ ዕዝራ ይባላሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ «ልጅ» የመኳንንት ልጅ ማዕረግ ነውና ጥርሳቸው ሲረግፍ እሱ አብሮ አልረገፈም። አባታቸው ፊታውራሪ ነበሩ። ርስቱንም ፈረሱንም ታላቅ ወንድማቸው ወሰደ፤ ታናሹ ዕዝራ በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ቤተ መንግሥት ገብተው አጋፋሪ ሆኑ። አጋፋሪ ማለት በንጉሡ ግብር ላይ እንግዳውን ተቀብሎ በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሰው ሲያስቀምጡ ኖሩ። ከዚያ ደርግ መጣና የታላቅየውን ርስት ወሰደ። ከልጅ ዕዝራ ግን የሚወስደው ነገር አጣ፤ እሳቸውም ሥራቸውን እንደያዙ ቡራዩ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ያለ እሳቸው ልቅሶም ሰርግም የለም። ድንኳኑ ሳይተከል ይደርሳሉ። ጥቁር ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው በሩ ላይ ይቆማሉ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ጾም እንደያዘ፣ ማን ከሙስሊሙ ማዕድ ማን ከክርስቲያኑ እንደሚቆርስ በቃላቸው ያውቃሉ። ተሳስቶ የተቀመጠ ካለ ጎንበስ ይሉና በጆሮው «ቦታዎ ይኸ አይደለም» ይሉታል። በዚች ቃል ከወንበሩ ያልተነሣ ሰው ቡራዩ ውስጥ የለም።

የእድሩ ዳኛ የኦቦ ኩምሳ እናት ያረፉ ጊዜ አንድ ትልቅ ሹም በመኪና መጥቶ የፊት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ልጅ ዕዝራ ጎንበስ አሉ።

«ቦታዎ ይኸ አይደለም።»

«እኔን ነው?» አለ ሹሙ።

«እርስዎን ነው። ይኸ ሟችን ሦስት ዓመት ያስታመመች ሰው ቦታ ነው።»

ድንች ቸርቻሪዋን አደ ገለቴን ከነነጠላዋ አምጥተው አስቀመጧት። ሹሙ ሄዶ ምሰሶ ሥር ተቀመጠ። ኦቦ ኩምሳ በዚያ ሁሉ ኀዘን መሀል «ዱጋ፣ እውነት ነው» ሲል ተሰማ።

ሀሰኖ ሱቅ ስኳር ሊገዙ ሲመጡም ያው ናቸው። ጀርባ ሰጥተው አይወጡም፤ ፊታቸውን ወደ ባለሱቁ እንዳደረጉ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። በዚህ አወጣጥ ስንቴ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጋጭተዋል፤ አንዴማ ባጃጅ ለጥቂት ሳታቸው።

«ኧረ በሞቴ ዞረው ይውጡ!» ይላል ሀሰኖ።

«ለባለቤት ጀርባ አይሰጥም።»

ደግሞ «ጋሼ» መባል አይወዱም። ሀሰኖ በገባ ሰሞን ቢላቸው ተቆጡ፦ «ጋሼ የሚባለው ታላቅ ወንድም ነው። እኔ ታናሽ ነኝ።» እሱም ቃሉን ተወው። ማዕረጋቸውን ጠርቶ መኖር ነው።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት አንድ ልቅሶ ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው ጉልበታቸው ከዳቸው። ወንበሮቹ መሀል ወደቁ። ሰው ተሯሩጦ ሲያነሣቸው «የማንን ቦታ ነው ያበላሸሁት?» አሉ። ሐኪሙ ከእንግዲህ መቆም የሚባል ነገር የለም አለ፤ ሁለተኛ ከወደቁ አይነሡም። ወሩ ሳይሞላ ደግሞ የሀሰኖ ልጅ የሬሐና ሰርግ ደረሰ።

«ሰርግህ ላይ እንዳይቆሙ አንተው ንገራቸው» አለው ኦቦ ኩምሳ። «እኔ አፌን ከፍቼ አልናገርም።»

ሀሰኖ ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሦስት ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቶ ተመለሰ። እንዴት ብሎ ይንገራቸው? ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ያላቸው ያ በር ነው። በሩን ቢቀሟቸው ምን ይቀራቸዋል?

በአራተኛው ቀን ሲሄድ እስከዚያ ልብ ብሎ ያላየውን አየ። የልጅ ዕዝራ ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር ናት። ሁልጊዜ የሚቀመጥባት እሱ ነው፤ እሳቸው ቆመው ያዋሩታል።

«ኧረ እርስዎም ይቀመጡ!»

«ለምጄዋለሁ፣ ልጄ። አባቴ ቤት ታላቄ ከአባቴ ጎን ሲቀመጥ እኔ ማስታጠቢያ ይዤ እቆም ነበር። ግቢም ገብቼ ቆምኩ። ግብዣ ላይ ተቀምጦ መብላት እንዴት እንደሆነ አላውቀው።» ይህን ያሉት እየሳቁ ነው። ሀሰኖ ግን መሳቅ አቃተው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ራቢአ የጥሪ ካርዶቹን እየለየች ነበር።

«ለልጅ ዕዝራ ጽፈናል?»

«ለሳቸው ደግሞ ካርድ ምን ያደርግላቸዋል? የቤት ሰው አይደሉም እንዴ!»

«እስቲ ንገሪኝ፣ በዚህ ሰፈር አንድ ሰው ጠርቷቸው ያውቃል?»

ራቢአ ካርዶቹን አስቀመጠች። ሁሉም «ነገ ድንኳን ይተከላል፣ በማለዳ ይምጡ» ብሎ ልኮባቸዋል። የጠራቸው ግን የለም።

«ያ ረቢ!» አለችና ራሷ ጻፈችው።

ካርዱን ሀሰኖ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ልጅ ዕዝራ ሁለቴ አነበቡት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ስሕተት የለበትም?»

«የለበትም።»

«የተጠራ ሰው በር ላይ አይቆምም እኮ። ሥርዓቱ አይፈቅድም።»

«አውቃለሁ» አለ ሀሰኖ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

ነገሩ ገባቸው። ከዚያ «በሩን ማን ይይዛል?» አሉ።

«ኦቦ ኩምሳ።»

«ኩምሳ!» ብለው ጮኹ። «ኩምሳ እኮ ሰውን ባገኘው ወንበር ነው የሚወሽቀው!»

የሰርጉ ቀን ካርዱ ላይ ከተጻፈው ግማሽ ሰዓት ቀድመው መጡና ሰዓቱ እስኪሞላ ውጭ ቆሙ። ሲሞላ ገቡ። ከገቡ በኋላ ግን ወዴት እንደሚሄዱ ጠፋቸው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቦታ ያውቃሉ፤ የራሳቸውን ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ካርዱን ደረታቸው ላይ ይዘው ምሰሶውን ተደግፈው ቀሩ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ሀሰኖ ከሩቅ አየ። እንግዶቹን ጥሎ ሄደና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«ልጅ ዕዝራ፣ ቦታዎ ይኸ አይደለም።»

ደነገጡ። ስድሳ ዓመት ሲናገሩት የኖሩት ቃል ነው፤ ሲነገራቸው ግን የመጀመሪያቸው ነው። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ወደ መውጫው ወደ ኋላ መራመድ ጀመሩ። ሀሰኖ ክንዳቸውን ያዘና በሰዉ መሀል ወደ ፊት ወሰዳቸው። ከእሱ ወንበር በስተቀኝ አንድ ወንበር ባዶውን ነበር። ልጅ ዕዝራ ሲያዩት ቀጥ አሉ።

«ይኸ የአባት ታላቅ ወንድም ቦታ ነው። የወንድምህ የየህያ ነው።»

«የህያን ከቀበርነው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። የልቅሶውን በር የያዙት እርስዎ ነበሩ።»

«እኔ ታናሽ ነኝ፣ ሀሰኖ።»

«እኔም ታናሽ ነኝ፤ ታላቅ የሌለኝ ታናሽ። ይቀመጡልኝ።»

ተቀመጡ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ፣ በኋላ ቀስ ብለው እስከ መደገፊያው። ራቢአ ራሷ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣችና ዝቅ ብላ ውሃ አፈሰሰችላቸው። ልጅ ዕዝራ ውሃው በጣቶቻቸው መሀል ሲወርድ አዩት፤ እንባቸውም አብሮ ወረደ። ሀሰኖም አልቻለም፤ በኮቱ እጅጌ ፊቱን ጠረገ።

ትንሽ ቆይተው ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

«ኩምሳ ገለቴን ነፋስ ላይ አስቀምጧታል። ሳል አለባት። ሂድና አንሣት።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ ሀሰኖ።

አልተቆጡም። የሙሽራዋ አባት ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱን ወደ እሳቸው እንዳደረገ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተራመደ፤ ከዚያ ዞሮ ገለቴን ሊያነሣ ሄደ።