ባዶ ጀሪካን ይዞ ብልቃጥ ፍለጋ

ጀሪካን የያዘች ልጅን ማንም አያያትም። እስቲ ልብ በሉ። ባዶ እጄን ከቤት ብወጣ እስከ ገበያው ድረስ በየደጁ ያስቆሙኛል። «የት ልትሄጂ ነው?» «ማን ላከሽ?» «እናትሽ ታውቃለች?» ጀሪካን ከያዝኩ ግን ውኃ ልቀዳ ነው፤ አለቀ። ቦኖው በስተቀኝ ሆኖ እኔ በስተግራ ብታጠፍ እንኳ የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው። ይህን ጨዋታ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ከስልክ በፊት ቢጫ ጀሪካን ግዙ።

የምን ጨዋታ? አትቸኩሉ፣ እነግራችኋለሁ።

ማስተዋል እባላለሁ። የምኖረው ቢቸና ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ጨረስኩ ከምል አመለጥኩ ብል ይሻላል። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ዓይናፋር ነኝ። ሰው ሲያናግረኝ የማየው ጫማዬን ነው። አባቴ ደግሞ ይህን ይወደዋል። «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ዝምታዬን እንደ ሙያ ቆጥሮ ለደንበኛ ሁሉ ያወራልኛል። ዝም የምለው ዝንብ ፈርቼ ሳይሆን ቃል ጠፍቶኝ መሆኑን ማን ይንገረው?

ጨዋታውን ያመጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ጥሩዬ ናት። ሞጣ ውስጥ ስልክ ጥገና ሱቅ ትሠራለች። ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ሊያይ የመጣ አንድ መንገደኛ ስልኩን ሊያሠራ ገባና፣ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ አጫወታት። ጂኦካሺንግ ይባላል አላት። አንዱ ሰው ትንሽ ዕቃ ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ ይደብቃል። የቦታውን ቁጥር ከሳተላይት ወስዶ ለሌላው ይልካል። ሌላው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ከትቶ ይፈልጋል። ሲያገኘው ስሙን ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ አንድ ነገር ወስዶ አንድ ነገር ይተካል፣ ከዚያ መልሶ እዚያው ይደብቀዋል። በቃ። ሽልማት የለው፣ ዳኛ የለው፣ ንግግር የለው! ይህን ስሰማ ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ መሰለኝ። ጥሩዬም ከተሰባበሩ ስልኮች አንድ ገጣጥማ ላከችልኝ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ቢሆንም ሳተላይት ያያል። ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ ሳተላይቱ አይጠፋም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ስልኩን ግን ከልክ በላይ አትመኑት። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ ካርታውን ባየው መቅደስ ውስጥ ነሽ አለኝ። ሴት ልጅ፣ መቅደስ ውስጥ! ደንግጬ ወደ ኋላ ስዘል ጀሪካኔ ላይ ወደቅኩ። ስልክ ሰፈሩን ይነግራችኋል፤ ድንጋዩን የሚለየው ዓይን ነው።

ባሕር ዛፍ ላይም አትደብቁ። ተቆርጦ ገበያ ይሄዳል። አንዱ ብልቃጤ ከነግንዱ የሆነ ሰው ቤት ምሰሶ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። የሚበላ ነገርም አትክተቱ። ጥሩዬ አንድ ጊዜ ቆሎ ከተተችና አይጥ ክዳኑን በላች፣ ቆሎውን በላች፣ ስማችን ያለበትን ወረቀትም ደገመችበት። ሌላው ደግሞ፣ ጀሪካን ይዛችሁ ከወጣችሁ ውኃ ይዛችሁ መመለስ ግዴታችሁ ነው። እኔ ብልቃጥ ባገኝም ባላገኝም ሃያ ሊትር ተሸክሜ ነው የምገባው። እናቴ «ይቺ ልጅ ዘንድሮ ምን ነካት? ሳይነግሯት ትቀዳለች» እያለች ትመርቀኛለች። ምርቃት ደግሞ አይመለስም፤ ዝም ብዬ እቀበላለሁ።

ሞጣ የሄድኩ ጊዜ ስልኩ ቀጥ አድርጎ ወስዶ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁበት የድንጋይ መደብ ፊት አቆመኝ። ጥሩዬ የደበቀችው ከአንዳቸው ስር ነው። ከየትኛቸው? ሽማግሌ ገልብጬ ልይ? ጀሪካኔን ታቅፌ ቆምኩ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኩ። ከቢቸና የየትኛው? እሱንም ነገርኩ። የአባቴን አባት፣ የአባቱን አባት እየጠሩ ወደ ላይ ወጡና ደብረ ወርቅ ላይ ዘመድ ሆንን። ዘመድ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ምሳ ሳልበላ ፍንክች የለም። ከምሳ ስመለስ ከጥግ የተቀመጡት አዛውንት በጣታቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የምትፈልጊው ይኼን ከሆነ ቶሎ አንሺልኝ። ከትናንት ጀምሮ ጎኔን እየወጋኝ ነው።»

ብልቃጡ! ስሜን ጻፍኩ፣ አንድ የልብስ ቁልፍ ተውኩ። ልመልሰው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ። «እኔ ስር አይደለም» አሉ በሹክሹክታ፤ አጠገባቸው የሚያንጎላጁትን ሰውዬ በአገጫቸው አሳይተውኝ፣ «አሁን ተራው የእሱ ነው።»

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

አባቴ ጨዋታውን ያወቀው በክፉ በኩል ነው። አንዲት ሴት «ልጅህ ከጓሮዬ ቁጢጥ ብላ ድንጋይ ስትገለብጥ አየኋት» ብላ ነገረችው። አባቴ ነገር ማርዘም አያውቅም። «ሁለተኛ ሰው ቢነግረኝ ስልኩን አታይውም» አለ። ስልኩ ከሄደ ጨዋታው ሄደ። ጨዋታው ከሄደ ደግሞ እኔ ከስፌት መኪናው ጥግ በቀር የምሄድበት የለኝም።

ያን ሰሞን ጥሩዬ ልትጠይቀን ስትመጣ የምትፈልገው አንድ ብልቃጥ ደብቄ ነበር። የት? በጋሽ አያሌውና በእትዬ ድንቅነሽ ጓሮ መካከል ባለው የድንጋይ ካብ ውስጥ። ብልቃጡ የክኒን ነው። ዝናብ እንዳያስገባ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ውስጡ ከአባቴ ሱቅ ወለል የለቀምኳቸው የልብስ ቁልፎች፣ ቀይ ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት አለ። ለእኔ ያምራል። እስቲ አሁን እንደ ጎረቤት ሆናችሁ እዩት። ጥቁር ብልቃጥ፣ ድንበር ላይ። ቀይ ክር። መርፌ። የማይነበብ ቁጥር። ምን ትሉታላችሁ? እኛ ሰፈር ለዚህ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ድግምት።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ደግሞ በዚያው ካብ የተነሳ ተጣልተው በስንት ሽማግሌ ገና መታረቃቸው ነበር። ጋሽ አያሌው የፈረሰውን ሲጠግኑ ብልቃጡን አገኙት። አልከፈቱትም። ማን ይከፍታል? በእንጨት ገፍተው አሮጌ ቁና ውስጥ ከተቱትና እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት መጡ። እኔ ለጠበል ብዬ ጀሪካኔን ይዤ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜያለሁ። ቁናውን አየሁት። ከውስጡ የእኔው ጥቁር ብልቃጥ ብቅ ብሏል።

ቄሱ አባ ኪሮስ «እንዲህ ያለ ዕቃ ድንበር ላይ ተገኝቷል። የእኔ ነው የሚል አለ?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ላሜ እንዲሁ አልነጠፈችም ብዬ ነበር!» አሉ ጋሽ አያሌው፣ ዓይናቸውን እትዬ ድንቅነሽ ላይ ተክለው።

«እሰይ! የእኔስ ዶሮ እንቁላል የነሳችኝ? አንተው ቀብረህ አንተው ታወጣለህ?»

«እኔ? እኔ ቀባሪ?»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

ጋሽ አያሌው ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። የእትዬ ድንቅነሽ ወንድም ነጠላውን አጣፋ። አባ ኪሮስ በመካከል ገቡ። «ተዉ! ጠበል ይረጭበትና ይቃጠላል» አሉና ዙሪያውን ቃኙ። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «አንቺ! ጀሪካን የያዝሽው! ሩጪ፣ ጠበል ቀድተሽ አምጪ!»

አያችሁልኝ? ማንም እንዳያየኝ የያዝኩት ጀሪካን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን መርጦ አወጣኝ።

ሄድኩ። ጠበሉ ጀሪካኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ አሰብኩ። ዝም ካልኩ ብልቃጡ ይቃጠላል፣ ስልኬ ይተርፋል፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን ይፋጃሉ። ከተናገርኩ አባቴ እዚያው ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እሺ። ግን አፍ ተዘግቶ እውነት በየት በኩል ትወጣለች? በጆሮ?

ስመለስ እትዬ ድንቅነሽ ያለቅሳሉ፣ ጋሽ አያሌው ይምላሉ። ጀሪካኑን አስቀመጥኩ። ቁናው ጋ ሄጄ ብልቃጡን በእጄ አነሳሁት። «ኧረ ልጅቷን ያዟት!» አለ አንዱ። የያዘኝ ግን የለም፤ ማን ይነካኛል? ፕላስተሩን በጥርሴ ቀደድኩት። አንዲት ሴት አማተበች። ክዳኑን ከፍቼ ያለውን ሁሉ ነጠላዬ ላይ ዘረገፍኩት።

«የእኔ ነው» አልኩ።

«ምን አለች?»

«የእኔ ነው!» ይህን ያህል ጮኼ አላውቅም። ከዛፉ ላይ ወፎች ተነሱ።

ጋሽ አያሌው አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ምንድን ነው ይኼ?»

«የልብስ ቁልፍ።»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«እደብቀዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ ሰው ይፈልገዋል።»

«ሲያገኘውስ?»

«መልሶ ይደብቀዋል።»

ጋሽ አያሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። «እንግዲያው ምኑ ነው የጠፋው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ቀን ግን ተናደድኩ። እስካሁን ለመደባደብ የተነሱ ሰዎች በእኔ ይሳቁ?

«እናንተ ጠላት ፈልጋችሁ ስታገኙ ማንም አልሳቀም» አልኩ። «እኔ ቁልፍ ፈልጌ ባገኝ ምናለበት? ደግሞ የእትዬ ድንቅነሽ ዶሮ እንቁላል አላቆመችም። ካቡ ውስጥ ነው የምትጥለው። ብልቃጡን ስደብቅ አይቻለሁ። መደበቅ ከእኔ የበለጠ ትችልበታለች።»

ሰዉ ተግተልትሎ ወደ ካቡ ሄደ። እንቁላሉ ተቆልሎ ተገኘ፣ በጋሽ አያሌው በኩል። ድግምቱ ወዲያው ተረሳ። «በድንበሬ የተገኘ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ አያሌው። «አንተ ነህ የጣልከው?» አሉ እትዬ ድንቅነሽ። አባ ኪሮስ ለሁለት ከፍለው ገላገሏቸው። ላሟስ? ላሟ አርጅታለች። ይህን ለጋሽ አያሌው ደፍሮ የሚነግራቸው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እትዬ ድንቅነሽ ነጠላዬን ያዝ አደረጉ። «ቆይ ቆይ! ይኼ የቀሚሴ ቁልፍ አይደለም? አባትሽ ስድስቱም ጠፉብኝ ያለኝ?» አነሱት። የአባቴን ፊት ለማየት አልደፈርኩም። ሌሎቹ አምስቱ የት ናቸው? አንዱ ሞጣ ሽማግሌ ተቀምጠውበታል፣ አንዱ የሰው ቤት ምሰሶ ውስጥ ነው፣ የቀሩትን እኔም አላውቅም። ከወለል የተለቀመ ሁሉ የተጣለ አይደለም፤ ይኼም ምክር ነው።

አባ ኪሮስ «በይ ልጄ፣ ሁለተኛ አልደብቅም በይ» አሉኝ።

«በጎረቤት ድንበር ላይ አልደብቅም እላለሁ፣ አባ» አልኩ። «አልደብቅም ግን አልልም።»

ቤት ስንደርስ አባቴ መዳፉን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት። «አታይውም ብዬሻለሁ» አለ። ወደ ሱቁ ይዞት ገባና ደበቀው።

ደበቀው! እስቲ ፍረዱኝ። ከሰው ሁሉ፣ ከእኔ?

በማግስቱ ከስፌት መኪናው መሳቢያ አገኘሁት። የጀማሪ ሥራ ነው። ለጥሩዬ መልእክት ላክሁና እዚያው መለስኩት። የጨዋታው ሕግ ነውና ከብልቃጡ ከተረፉት ቁልፎች አረንጓዴውን ከጎኑ ተውኩ። በሚቀጥለው ቀን ስልኩም ቁልፉም መሳቢያው ውስጥ የሉም። ስልኩን ከጨርቅ ክምር ስር አገኘሁት፣ ነጭ ቁልፍ ተውኩ። ከዚያ ኮርኒሱ ስንጥቅ ውስጥ፣ ቡናማ ቁልፍ ተውኩ። አባቴ እየጎበዘ ሄደ። አንድ ሰሞን ጨርሶ አጣሁት። ጠርዝ እየዘመዘምኩ ሱቁን በዓይኔ ስፈትሽ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ኮቶች አንዱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ገበሩ ውስጥ ሰፍቶታል! ስፌቱን ፈታሁ፣ ለጥሩዬ የምለውን አልኩ፣ መልሼ ሰፋሁት። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ እኮ። ገበሩ ውስጥ የናስ ቁልፍ ተውኩ።

አባቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተናግሮኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

ባለፈው እሁድ እትዬ ድንቅነሽ ቀሚሳቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን መጡ። «ምነው ቁልፉ አንዱ ካንዱ አይገጥም ብዬ ብጠይቀው፣ የዘንድሮ ፋሽን ነው አለኝ አባትሽ» እያሉ ለሴቶቹ ያሳያሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ከላይ የራሳቸው ቁልፍ። ቀጥሎ አረንጓዴ። ነጭ። ቡናማ። የናስ። አባቴ እኮ ሣጥን ሙሉ ተመሳሳይ ቁልፍ አለው።

የታችኛው ቀዳዳ ገና ባዶ ነው።

አባዬ፣ ዛሬ ጠንከር አድርገህ ደብቀው። ጀሪካኔን ይዤ እየመጣሁ ነው።