አማቴን የማያጥወለውል መኪና

መኪና ልገዛ አስቤያለሁ ብላችሁ ለሰው ተንፍሳችሁ ታውቃላችሁ? ካልተነፈሳችሁ አትተንፍሱ። እኔ ሽያጭ ክፍል የምሠራበት የዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ በማግስቱ ሰበታ ውስጥ መኪና የሌለው ሰው ሁሉ የመኪና አማካሪዬ ሆኖ አደረ። ጸጉር አስተካካዬ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንዳሳረፈ «ናፍጣ እንዳትገዛ» አለኝ፤ በዚያ አኳኋን ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይከራከርም። ከዚያ ወጥቼ መንገዱን ሳልሻገር የሰፈራችን ባለ ሱቅ «ናፍጣ ካልሆነማ እግርህ ይሻልሃል» አለኝ። እሱንም አልተከራከርኩም፤ ስኳር በዱቤ የሚሰጠን እሱ ነው።

የሁሉም ምክር ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገናኛል፦ ስትሸጠው ያወጣልሃል ወይ? ልብ በሉ፣ መኪናውን ገና አልገዛሁትም። እኛ መኪና የምንገዛው ለመንዳት ሳይሆን፣ ስሙን ለማናውቀው ለቀጣዩ ገዢ አሳምረን ለማቆየት ይመስለኛል። የወንበሩን ላስቲክ ሳይገፍፍ ዓመታት የነዳ ጎረቤት አለኝ፤ በሙቀት ቀን ልጆቹ ሲወርዱ ላስቲኩ አብሯቸው ይነሳል። ትዳር ውስጥም በዚሁ ሒሳብ ብንገባ ኖሮ ስንቶቻችን እስከ ዛሬ በላስቲክ ተሸፍነን እንቀመጥ ነበር።

የኛ ቤት ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። የኛ ጉዳይ የአማቴ ሆድ ነበር።

አማቴ ወይዘሮ የሺ፣ የባለቤቴ የብርቱካን እናት፣ ከኛው ጋር ሰበታ ይኖራሉ። በዚህ ዓለም ላይ ከልጆቻቸው ቀጥሎ ያሏቸው ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከዓባይ በረሃ ማዶ፣ ደጀን፣ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ሁለቱ እህትማማቾች ሲመሽ በስልክ ያወራሉ። ምን እንደሚያወሩ አትጠይቁኝ፤ ዶሮዋም፣ ዝናቡም፣ የጎረቤት ሠርግም ይወሳል፤ የሚወሳ ሲያልቅ ደግሞ ዝም ብለው ስልኩን እንደያዙ ይቀመጣሉ። ከዓመት በፊት የእትዬ ዘርፌ ጆሮ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ «ምን አልሽኝ?» በዛ፤ በኋላ አማቴ ግቢው እስኪሰማ እየጮሁ «የሺ ነኝ» ሲሉ፣ ከወዲያ «ማን ልበል?» ይባል ጀመር። አንድ ቀን አማቴ ስልኩን ዘጉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ቀስ ብለው፣ እንደሚሰበር ዕቃ። «ከእንግዲህ በዓይኔ ነው የማያት» አሉ።

በዓይን ለማየት ደግሞ አውቶቡስ አለ። አማቴን መኪና አይስማማቸውም። አይስማማቸውም ስላችሁ ትንሽ ራሳቸውን ያዞራቸዋል ማለቴ አይደለም። ሎሚ ይዘው፣ ፌስታል ይዘው፣ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ይሳፈራሉ፤ ሲመለሱ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ይመጣሉ። ቅሬታ ግን የለም። ወሩ ሲሞላ እንደገና ሎሚ ይገዛሉ። «ለምን እትዬ ዘርፌን አናመጣቸውም?» ብለን ነበር፤ እሳቸውኑ ስንጠይቃቸው ግን «ቤቴን ለማን ጥዬ?» አሉ። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። አንዲት ሴት ከጫንጮ ነው የምትደውለው፤ እናታችሁ ከአውቶቡስ ወርደው ሱቄ በር ላይ ተቀምጠዋል አለችን። እኔና ብርቱካን መኪና ተኮናትረን በረርን። አማቴ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠበቁን። «ምን አስቸኮላችሁ?» አሉ። «ትንሽ ነፍስ ልዝራ ብዬ ነው እንጂ ቀስ እያልኩ በእግሬ ልመጣ ነበር።» ከጫንጮ ሰበታ፣ አዲስ አበባን ሰንጥቀው፣ በእግራቸው።  ቤት ገብተን ብርቱካን እናቷን አስተኝታ ስትወጣ «መኪና እንገዛለን» አለች። የቆጠብናት ነገር ለቤት ጭማሪ ክፍል ታስባ ነበር። ስለ ክፍሉ ማንም አልተነፈሰም።

ቡራዩ ያገለገሉ መኪናዎች የሚያሻሽጡ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሰው እንዳሉ ያመላከተን ግርማ ነው። ግርማ የብርቱካን ታላቅ ወንድም ነው፤ ሱሉልታ ይኖራል፤ ፒክአፕ አለው፤ ፒክአፕ ያለው ሰው ደግሞ በማናቸውም ነገር ላይ አስተያየት አለው። ኦቦ ቶሎሳ ረጋ ያሉ፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። ገና በር ላይ «አካም ጅርቱ?» ብለው አማቴን በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። አማቴም «ነጋ፣ ገለቶማ» ብለው መለሱ፤ ሰበታ ሲኖሩ ገበያ ላይ ያጠራቀሟት ኦሮምኛ ሰላምታና ሽንኩርት ላይ ጎበዝ ናት። እኔ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ልጠይቅ ስዘጋጅ ብርቱካን ቀደመችኝ። «ኦቦ፣ እኛ የምንፈልገው እናታችንን የማያስመልስ መኪና ነው» አለቻቸው። ኦቦ ቶሎሳ ጥቂት አሰቡ። «እንደዚህ ብሎ የመጣብኝ ሰው የለም» አሉ። «እሺ። እሳቸውን ይዘን ካልሞከርን በቀር ግን አናውቀውም።»

እናም መሞከር ጀመርን። የመጀመሪያዋ ዝቅ ያለች፣ የምታብረቀርቅ የቤት መኪና ነበረች። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ እሷ ላይ ነበር፤ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ስትቆም ታየችኝ። መስታወቷ ጠቆር ያለ፣ ውስጧ ደግሞ የተንጠለጠለ ሽቶ ያለባት። በአዲሱ ገበያ በኩል የሱሉልታን ጋራ ስንያያዘው አማቴ ዝም አሉ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ «ልጄ፣ ካላስቸገርኩህ እዚህ ጋ ያዝልኝ» አሉኝ። ካፊያ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ወርደው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፉ አዙረው፣ ጃንጥላውን በአማቴ ላይ ዘርግተው ቆሙ። የገዛ ሸቀጣቸው ሲወድቅ እንዲህ በጨዋነት የቆመ ደላላ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ከዚያ በሌላ ቅዳሜ የግርማን ፒክአፕ ሞከርን፤ ከተስማማ እንደሱ ያለ እናፈላልጋለን ተብሎ። «ሀገር አቋራጭ ነው፤ ተራራ አይበግረውም» አለ ግርማ። ተራራውስ አልበገረውም። የኋላ ወንበሩ ግን እንደ ፍርድ ቤት አግዳሚ ቀጥ ያለ ነው፤ አማቴ በየጉድጓዱ እየዘለሉ ሄደው እዚያው ጥምዝ ላይ እንደገና ወርደው ቆሙ። የባሕር ዛፉ ጥግ የሳቸው ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛዋ ባለ ባትሪ መኪና ናት። ዛሬ ከውጭ የሚገባው ሁሉ እሱ ነው፤ ልጆቼም «አባዬ፣ ድምፅ የላትም እኮ» እያሉ ነዘነዙኝ። ከቡራዩ ወደ ሆለታ አወጣናት። እውነትም ድምፅ የላትም፤ ትንሳፈፋለች። አማቴ ግን ከመጀመሪያዎቹም ቶሎ እጃቸውን አነሱ። ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲረጋጉ፣ «መኪናዋ ክፉ አይደለችም» አሉ፣ አብሮን የመጣው የመኪናዋ ባለቤት እንዳይከፋው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መሄዷን ለዓይኔም ለጆሮዬም ሳትነግር ነው የምትሄደው። ሆዴ ደነገጠ።» ከዚያ ወደ ብርቱካን ዞረው፣ «ተዉት ልጆቼ። ይኼ የመኪና ጥፋት አይደለም። ገንዘባችሁን ክፍሉን ሥሩበት» አሉ። ብርቱካን ዓይኗን ወደ ሜዳው መለሰች። ተስፋ የቆረጥነው ያኔ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ አዘኑልን መሰለኝ፣ «ዛሬ በታክሲ አትሄዱም፤ በኔው ላድርሳችሁ» አሉ። የሳቸው መኪና ሚኒባስ ነው። አሮጌ፣ ነጭ፣ አንድ በሩ ከሌላው ትንሽ ነጣ ያለ። አማቴን ጋቢና ከጎናቸው አስቀመጧቸው፣ እኛ ከኋላ ገባን። ከቡራዩ ሰበታ ድረስ ሁለቱ አወሩ። ስለ ጤፍ አወሩ፣ ኦቦ ቶሎሳ ስላገቡበት ሀገር አወሩ፣ ከዚያ አማቴ የእትዬ ዘርፌን ዶሮዎች አንድ በአንድ በየአመላቸው አስተዋወቋቸው። ሰበታ መዳረሻ፣ ዓለም ገና ስንደርስ ብርቱካን ክንዴን ጨበጠችኝ። «ትሰማለህ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «እያወራች ነው።» አማቴ መኪና ውስጥ አያወሩም፤ መኪና ውስጥ አፋቸውን የሚከፍቱት ለሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ግን ከፍ ብለው ተቀምጠው፣ በዚያ ሰፊ የፊት መስታወት መንገዱን እያዩ፣ «ኦቦ፣ ያቺ አህያ እንዳትገባብዎ» እያሉ ያስነዳሉ።

ቤት ስንደርስ ብርቱካን «ይኼንን ይሽጡልን» አለች። እኔ ያቺን የምታብረቀርቅ የቤት መኪና አሰብኩ። ኦቦ ቶሎሳ የመኪናውን በር በመዳፋቸው ዳበሱ። «ይኼ አይሸጥም» አሉ። «ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለስኩበት ነው። ሁሉም አግብተው ወጡ፤ እሱ ቀረኝ።» ሁላችንም እሺ አልን፤ እኔ ትንሽ ቶሎ እሺ ብዬ ሊሆን ይችላል። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው ደወሉ። ለብቻቸው ሲነዱት የጋቢናው ወንበር ባዶነት እንደከበዳቸው ነገሩን። «ለሌላ ሰው አይደለም» አሉኝ። «ለወይዘሮ የሺ ነው። እንዳትሳሳት፣ አንተ ሹፌር ነህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹፌር ሆንኩ። ሰበታ መናኸሪያ አጠገብ ቀስ ካልኩ ሰው ታክሲ መስዬው ይሮጥብኛል፤ «አየር ጤና ነህ?» ይለኛል። ብርቱካን በተንሸራታቹ በር አጠገብ ስለምትቀመጥ ሰዉ ሒሳብ ሊከፍላት እጁን ይዘረጋል። አንድ ጠዋት የፋብሪካችን የአስተዳደር ኃላፊ እየተጣደፉ ገብተው ተቀመጡ፤ ያወቁኝ ፋብሪካው በር ላይ «ወራጅ አለ» ሊሉ ሲሉ ነው። ሁለታችንም ስለዚያ ነገር ዳግም አላነሳንም።

መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ዕለት ለደጀን ተነሣን። ሱሉልታ ላይ ግርማን አሳፈርን፤ «ይኼ አሮጌ በረሃውን ይወርዳል?» እያለ ከኋላ ወንበር ገባ። አማቴ እንደ ልማዳቸው ሎሚያቸውን ይዘዋል፤ ብርቱካን ፌስታሎቿን ደርድራለች። ጎሃ ጽዮን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር መኪናው ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ጠፋ። ጥምዝ፣ ገደል፣ እንደገና ጥምዝ። እኔ መንገዱን ሳይሆን የአማቴን ፊት ነበር በስርቆት የማየው። አማቴ ዝንጀሮ ያያሉ። «ያቺን እናት ተመልከት፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ» ይላሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ከኋላ አንድ ደካማ ድምፅ ተሰማ፦ «ብርቱካን፣ ፌስታል።» ግርማ ነበር። የእናቱን ሆድ ለካ እሱ ነው የወረሰው፤ ፒክአፑን ሁልጊዜ ራሱ ስለሚነዳ አልታወቀበትም። አማቴ ሎሚያቸውን ወደ ኋላ አቀበሉት።

ደጀን ስንደርስ እትዬ ዘርፌ በር ላይ ነበሩ። እህታቸው ከጋቢና በሁለት እግራቸው ወርደው፣ ፊታቸው የራሳቸው ፊት ሆኖ፣ ሲራመዱ አይተው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። አልተሳሳሙም ቶሎ። እትዬ ዘርፌ የአማቴን ጉንጭ በመዳፋቸው ይዘው ቀለማቸውን መረመሩ። «አላመመሽም?» አሉ። አማቴ አላመመኝም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁልቁለቱም?» አማቴ እንደገና ነቀነቁ። ከዚያ እትዬ ዘርፌ መኪናውን ዞረው አዩት፤ የጋቢናውን ወንበር በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ከዚያ ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ልንነሣ ስንል ቤታቸው ተቆልፎ፣ ዶሮዎቹ ለጎረቤት ተሰጥተው፣ እትዬ ዘርፌ በአንድ ቦርሳና በአንድ ፌስታል ጋቢና ተቀምጠው አገኘናቸው። ብርቱካን ጠጋ ብላ ጆሯቸው ሥር፣ «ቤቱስ?» አለቻቸው። እትዬ ዘርፌ ትንሽ አፈሩ። «ቤቱማ ቤት ነው» አሉ። «እኔ እኮ የፈራሁት አውቶቡሱን ነው። እኔንም ያስመልሰኛል። የሺ ለኔ ብላ ያንን ሁሉ ስትችል፣ እኔ አልችልም ማለት አሳፈረኝ።»  ጋቢናው ከሹፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ይይዛል፤ አማቴ ይኼንን ሰምተው ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና የነጠላቸውን ጫፍ እህታቸው ጉልበት ላይ ጣል አደረጉ።

እንግዲህ ለሩቅ መንገድ ብለን የገዛነው መኪና በመጀመሪያው ጉዞው ሩቁን መንገድ ይዞልን መጣ። ደጀን የሚጠብቀን ሰው የለም። ክፍሉን አልሠራንም፤ ልጆቻችን ሳሎን ይተኛሉ፤ ሁለቱ እህትማማቾች የልጆቹን ክፍል ወርሰው፣ አንዳቸው እየጮሁ አንዳቸው «ምን አልሽኝ?» እያሉ ያወራሉ። መኪናው ግን ሥራ አልፈታም። ቅዳሜ ሲመጣ እህትማማቾቹ ነጠላቸውን ለብሰው ግቢ ይወርዳሉ። አንድ ቅዳሜ ቡራዩ ኦቦ ቶሎሳን ለመጠየቅ፣ አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ ግርማን ለማየት። ከሰበታ ሱሉልታ ደግሞ፣ መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አዲስ አበባ መሐል ገብቶ የሚወጣው ሰው ደጀን ደርሶ ምሳ የበላውን አይቀድምም።

ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ መሐል ከተማ ተዘጋግቶ ቆመናል። ከፊታችን የጭነት መኪና፣ ከኋላችን አውቶቡስ፤ ሁሉም ጡሩምባውን ይነፋል። ሞተሩን አጥፍቼ መሪው ላይ ተደግፌያለሁ። አማቴ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እትዬ ዘርፌ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል፣ አንዱንም ሳይሰሙ፣ በሰፊው መስታወት ሕዝቡን በደስታ ሲመለከቱ ቆዩና እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ።

«ቀስ በል ልጄ» አሉኝ። «ምን ያስቸኩለናል?»

«እሺ፣ እትዬ» አልኳቸው፤ ጆሯቸው ባይሰማም አፌን እንዲያዩት ዞር ብዬ። እሳቸውም ረክተው ወደ መስታወታቸው ተመለሱ።