አሰጋሽ መዛኒተ ጭቃ ሰላምታን ድል እንደ ነሣች

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ሥዩመተ ሚዛን፣ ዐቃቢተ ምድጃ፣ ባለ ነጭ ጋዋን አሰጋሽ በአቃቂ ቃሊቲ የአፈር ቤተ ሙከራ በነገሠች በዘጠነኛው ዓመት፣ የቧንቧ ውሃ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ በወርኃ ግንቦት በዕለተ ሐሙስ ይህ ገድል ተፈጸመ። የጻፍሁት እኔ የናሙና መዝጋቢው ነኝ። ለእርሷ አድልቷል የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። የቱሉ ዲምቱው የእድር ዳኛ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ባለጸጋ አቶ ተሰማ፣ የእድራቸው ድንኳን አርጅቶ ለቀስተኛው በእንባና በዝናብ እኩል ሲርስ አይተው፣ «የእኔ ለቅሶ ከቆርቆሮ በታች ይሁን፤ ሰው እኔን ብሎ መጥቶ አይበስብስ» ሲሉ ለእድሩ አዳራሽ እንዲሠራ ዐወጁ። ከዚያ ወዲህ አዳራሹን ሳያዩ መሞት ብቻ ነበር የሚፈሩት። መሠረቱ ተቆፈረ፣ ኮንክሪቱም ለሰኞ ታዘዘ። የቀረው፣ ከጉድጓዱ የወጣው ጥቁር መረሬ ምን ያህል ውሃ ጠጥቶ እንደሚልፈሰፈስ ማወቅ ነበረ፤ መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የቆመበትንም ቤት ይዞ ይሰነጠቃልና።

አሰጋሽም አፈሩን በወንፊት ነፍታ፣ በውሃ ለውሳ፣ በናስ ጽዋ ውስጥ ለጥፋ፣ መካከሉን ለሁለት ከፍላ መዘውሩን ያዘች። መዘውሩ በዞረ ቁጥር ጽዋው ብድግ ብሎ ይወድቃል። የተከፈለው ጭቃ በስንተኛው ምት እንደ ገጠመ ካልታወቀ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ እንደ ገና ይለወሳል።

አሐዱ፣ ክልኤቱ ብላ ዐሥራ አንድ ስትደርስ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ ጂራታ ውጤቱን ሊጠብቁ ከነጥሩምባቸው ገብተው እንዴት እንዳደረች ጠየቋት። የታላቅ ሰው ሰላምታ ሳይመልሱ መቁጠር በአቃቂ ምድር ተሰምቶ አያውቅምና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስትል ቁጥሩ ጠፋ። ዳግመኛ ለወሰች፤ ዐሥራ ሰባት ላይ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ወርቅውሃ ገብተው ስለ እናቷ ጉልበት ጠየቁ፤ ስለ ጉልበቱ ስትመልስ ቁጥሩ ጠፋ። በሦስተኛው አቶ ተሰማ ራሳቸው ደርሰው ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ታክሲው ሰልፍ ጠየቁ። ያን ጊዜ ከቁጥሩ ጋር የእኔም ትዕግሥት ጠፋ።

ወአሜሃ አሰጋሽ መዘውሩን ለቃ ተነሣችና እንዲህ ስትል ዐወጀች፦ «ስማ ተሰማማ፣ የቆጠራ ጠላት መስሚያ ይንሳው። አባቶቼ፣ እናቴ፣ የናቅኋችሁ እንዳይመስላችሁ ሰላምታችሁን አሁኑኑ ጨርሱልኝ፤ የቀረ ጥያቄ እንዳይኖር።» ከዚያም በወንበሩ ተርታ እየዞረች፣ ጉንጭ ለጉንጭ እየሳመች፣ ልጁን በስሙ፣ ሕመሙን በቦታው፣ የሰፈሩን መብራት ሳይቀር ጠየቀች፤ እነርሱም እየመለሱ፣ መልሰውም እየጠየቁ ግማሽ ሰዓት ተዋጉ፤ በመጨረሻ ወይዘሮ ወርቅውሃ ደክሟቸው ቁጭ አሉ። ሰላምታም ከክፍሉ አለቀ።

በአራተኛው ጭቃ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ከደጅ አንድ አይሱዙ ሲቆም ተሰማ። ምክትል ዳኛው ወሎዬው አቶ ሙሀመድሁሴን ነበሩ፤ ሰላምታቸው አቃቂ ተጀምሮ ደሴ የሚያልቅ ደግ ሰው። አቶ ተሰማም ከዘራቸውን ጥለው፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ሮጠው፣ በሩ ላይ አቅፈው አስቀሯቸው፤ በጆሯቸውም የራሳቸውንና የአሰጋሽን ደኅንነት፣ የእናቷንም ጉልበት መሻል በሹክሹክታ አስረዷቸው። ሙሀመድሁሴን ገና ስለ ዝናቡ ሲጠይቁ በሃያ አራተኛው ምት ጭቃው ገጠመ። አሰጋሽም ቁጥሩን ጻፈች።

ጭቃው ምድጃ ገብቶ አደረ፤ ዓርብ ተመዘነ፤ ፍርዱም ወጣ። አፈሩ ክፉ ውሃ ጠጪ ነውና ሌላ አንድ ሜትር ተኩል ተቆፍሮ ይውጣ፣ ጉድጓዱ ውሃ በማያሳብጠው በገረጋንቲ ይሞላ፣ የሰኞው ኮንክሪት ይቅር፣ አዳራሹ ከክረምት በኋላ ይሠራ የሚል ነበር። አሰጋሽ ወረቀቱን ለአቶ ተሰማ በሁለት እጇ ሰጠች፤ ቆጠራውን በገዛ ደረታቸው የጠበቁላት እርሳቸው ነበሩ። አቶ ተሰማ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጂራታን ጥሩምባ አስነፍተው ዐወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። አዳራሹ ለጥር ተሻግሯል። እኔም ሰው በዝናብ አያልቅስልኝ ብያለሁና ሞቴ ለጥር ተሻግሯል። እስከዚያ ለእኔ ብሎ ነጠላ ያዘቀዘቀ በእድሩ ደንብ ይቀጣል።»

ዕድሜውን ሁሉ ሞት ሲለፍፍ የኖረ ጥሩምባ በዚያ ቀን የሞትን ቀጠሮ መተላለፍ ለፈፈ። እነሆ ይህን ስጽፍ ጥቅምት ገብቷል፤ አቶ ተሰማም በጉድጓዱ ዳር ቆመው የገረጋንቲ ጭነት ይቆጣጠራሉ፣ ሾፌሮቹንም ይቆጣሉ።

ነገሥታት አገር አቀኑ፣ ከተማ ቆረቆሩ፣ ግንብ አስገነቡ፤ ለአንድ ሽማግሌ ስምንት ወር የጨመረ ግን ከመካከላቸው አልተጻፈም። ስለዚህ ክብር ለአሰጋሽ ይሁን፤ ለዐቃቢተ ምድጃ፣ ለመዛኒተ ጭቃ፣ ከጥቁር መረሬ ውስጥ ለሰው ዕድሜ ላወጣች።