ክቡር ቬንዴል ባቺና የዘመቻ ልብስ

በየትኛውም ማኅበር ውስጥ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እግዜር ዓለምን ሲፈጥር ከጀርባው ቆሞ «ሰማዩ ትንሽ አልደመቀም?» ያለ የሚመስል። የዓሣ አጥማጅ ማኅበር በሉት የመዘምራን፣ አለ። የኛ የሴጌድ ከተማ ማኅበር ደግሞ አውራ ጣት የምታክል የብረት ወታደር እየገዛ የድሮ ጦር ልብስ የሚቀባ የጎልማሶች ስብስብ ነው። አዎ፣ ጎልማሶች። ሚስቶቻችን የሚሉትን ሰምተናል፣ እናንተ አትድገሙት።

የኛው ሰው ቬንዴል ባቺ ናቸው። ባቺ ጋሼ ማለት ነው፤ ከኋላቸው ግን፣ የወታደሩን አዝራር ሳይቀር ስለሚቆጥሩ፣ «ክቡር የአዝራር ሚኒስትር» ነው የምንላቸው። ፊታቸው ላይ ማን ወንድ ይላል!

ክቡርነታቸው አንድ ሃይማኖት አላቸው፦ የዘመቻ ልብስ። የሰልፍ ልብስ ያብለጨልጫል፤ የዘመቻ ልብስ ግን ጭቃ የጠገበ፣ ጉልበቱ የተጣፈ፣ ዝናብ ያነጣው መሆን አለበት። እኔ ሞኙ የመጀመሪያ ወታደሬን ጫማውን እንደ መስታወት አብርቼ ይዤ ሄድኩ። በወረንጦ አነሱት፣ ከሾርባ ውስጥ ዝንብ እንደሚያወጣ ሰው።

«ይሄ ዘማች ነው ሙሽራ? በመጋቢት ጭቃ ይሄን ጫማ ማን ወለወለለት? እናቱ አብራው ዘምታለች?»

ጭቃውን ራሱ በቀለም አይሠሩትም። ከቲሳ ወንዝ ዳር በማርማላታ ብልቃጥ ያመጡና ምድጃ ውስጥ ያደርቁታል። ሚስታቸው ፒሮሽካ ሲጮኹ ሰፈሩ ይሰማል፦

«አንተ ሰውዬ! ከኬኬ ጎን ወንዝ ትጋግራለህ?»

«ምን ያስጮህሻል፣ የመጋቢት ጭቃ እኮ ነው፣ ንጹሕ ነው!»

የእህታቸው ልጅ ስታገባ ያደረጉትን ልንገራችሁ? ሙሽራው እንደ ድሮ ፈረሰኛ ባለ ጥልፍ ኮት ለብሶ ፎቶ ሊነሳ ሲል፣ «ጥልፉ አንድ ረድፍ በዝቷል!» ብለው ጮኹ። ሙሽሪት እስካሁን አታናግራቸውም አሉ። እኔ አላየሁም፣ ፀጉር ቤት የሰማሁት ነው።

እንግዲህ በየፀደዩ በባህል አዳራሹ ኤግዚቢሽን አለን። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው እሳቸው አጉሊ መነጽራቸውን ደግነው ያሳለፉት ብቻ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሬዦ ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል። አምና የበረዶውን ወራት ሁሉ ፈረሰኞች ሲቀባ ከረመ።

«ዘንድሮም ካልወጣልኝ» አለን፣ «ብሩሼን ዳቦ ላይ እንቁላል መቀቢያ አደርገዋለሁ። በቃኝ።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ዘንድሮ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ እንደሚወጣ ለደንበኞቹ ሁሉ ተናገረ፣ እህቱን ከማኮ ከተማ አስመጣ፣ ሱቁን በቅዳሜ ዘጋ።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት አዳራሹ ገብቶ ሣጥኑን ከፈተ። ልብሱ ግሩም! ጭቃው፣ የተጣፈው ጉልበት፣ የነጣው ካፖርት፣ ምን የመሰለ። ፈረሶቹ ግን አረንጓዴ! ጎመን የመሰለ አረንጓዴ። ለካ ሬዦ ቡናማና አረንጓዴ አይለይም፤ የዳቦውንም መብሰል የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። የቀለም ብልቃጦቹ ጽሑፍ ደግሞ በሊጥ እጁ ታሽቶ ጠፍቷል።

ሁላችንም ወደ ክቡርነታቸው ዞርን።

«ቡናማው እንዴት ነው ቬንዴል ባቺ?» አለ ሬዦ። «የደከምኩት እሱ ላይ ነው።»

ክቡርነታቸው መነጽሩን አስጠጉ። ጆሯቸው ቀላ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። በቃ መጣ፣ አልን በሆዳችን።

«ፈረሶቹ...» አሉ፣ ድምፃቸው እንደታነቀ ዶሮ፣ «ፈረሶቹ ደክሟቸዋል። ዘመቻ ውሎ የገባ ፈረስ እንዲህ ነው። መሀል ላይ አውጣቸው።»

ሬዦ እህቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ቬንዴል ባቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ጥግ ዘብ ቆሙ። አንዲት ሕፃን «እማዬ፣ አረን—» ስትል አፏን በአይብ ዳቦ ሞሉት። ከዚያ ከደብረፀን ከተማ የመጣ፣ ከረባት ያሰረ እንግዳ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እነዚህ ፈረሶች ለምንድነው አረ—»

እግሩን ረገጡትና ክንዱን ይዘው እኔ ወዳለሁበት ጥግ ጎተቱት።

«ሣር ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ጠላት ከሩቅ እንዳያያቸው ፈረሶቹን በሣር ያሿቸው ነበር።»

«ይሄ የት ነው የተጻፈው?»

«አታውቅም? ደብረፀን እዚህ ደረጃ ወርዳለች?»

ሰውዬውም ለካ በከተማው የአዝራር ሚኒስትር ኖሯል፤ አላውቅም ከሚል ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጣል። «እ... አዎ! የሣሩን ነገር! እንዴት ረሳሁት!»

ይታያችሁ፣ ለአንድ ረድፍ ጥልፍ ዘመድ ያስቀየሙ ሰውዬ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ዋሹ! ያን ቀን ነው የወደድኳቸው። አሁን ሥራዬን ሲሰድቡብኝ እንደ ምርቃት አሜን ብዬ እቀበላለሁ።

በዘንድሮው ፀደይ ያ ሰውዬ ተመልሶ አልመጣም መሰላችሁ? መጣ እንጂ፣ ያውም ሙሉ ጭፍራ ይዞ፤ ሁሉም አረንጓዴ ፈረስ ላይ። ቬንዴል ባቺ መነጽራቸውን ደገኑ።

«አረንጓዴው ከሯል» አሉት በጆሮው። «የሚያዝያ ሣር እንዲህ አይደለም።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ሬዦ ከኋላ ብቅ ብሎ አየና፣ «ምነው፣ ጥሩ ቡናማ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ዝም በል አንተ!» አሉ ክቡርነታቸው፣ ትከሻውን መታ እያደረጉ። «ያንተን ቡናማ ከየት አምጥቶ!»