አቶ በኮድ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አይጠፋም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት በመስኮት ካልገባሁ የሚል። እኛ ስድስት ሆነን የኮምፒውተር ጌም ለምንሠራው ሰዎች የደረሱን ክቡር አቶ በኮድ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ምንም ብትጠይቋቸው መልሳቸው «በኮድ ይሻላል» ነው።

ጌም ውስጥ ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ ጠላቱም የየራሱ ንብርብር አለው። የቱ ከየቱ እንደሚጋጭ የሚወስነው በተርታ የተደረደረ ሠላሳ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እኔ ስክሪኑ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በማውሴ ምልክት አድርጌ እገላገላለሁ። ክቡርነታቸው ግን ለአንዲት ምልክት አርባ መስመር ካልጻፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አንዴ እንደሳቸው በኮድ ልሞክር ብዬ፣ ሦስት ቁጥር ንብርብርን ለማብራት «ሦስት» ብዬ ብጽፍ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። ማብሪያዎቹ ከዜሮ ይቆጠራሉ፣ ዋጋቸውም አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ በእጥፍ ይሄዳል፤ አንድን ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ስትገፋት ስምንት ትሆናለች፤ መጻፍ ያለብህ ስምንት ነው፤ ሦስት ስትል ያበራኸው ሌሎች ሁለት ንብርብሮችን ነው አሉኝ። ምሳ ሰዓቴ እዚያው አለቀ። ትምህርቱም በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ሥራችንን የሚገመግሙ እንግዶች በሚመጡበት ቀን ጠዋት አንድ ድልድይ ጨመርኩ። ካልወደዱት ቢሮው ይዘጋል። ድልድዩ ጨዋታው መሀል በኮድ የሚመጣ ስለሆነ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን የለውም፤ ንብርብሩ ዘጠኝ ቁጥር ነበር፤ ጠይቄ ደግሞ ስብከት ከምሰማ ብዬ ዘጠኝ ጻፍኩና ዝም አልኩ።

እንግዳዋ ሴትዮ መጫወት ጀመሩ። የጌማችን ጀግና ልጅ ድልድዩን ስትረግጥ አየር እንደረገጠች ሁሉ ቁልቁል ወረደች። ሴትዮዋ ደገሙ፤ ወደቀች። ሠለሱ፤ ወደቀች። አለቃችን ድልድዩ የማን ሥራ እንደሆነ ሲጠይቁ ኪቦርዴ ላይ አቀረቀርኩ።

«የእኔ ነው» አሉ አቶ በኮድ። «አሥር ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ።»

ሁለት ደቂቃም አልፈጀባቸው። ልጅቷ ድልድዩን ተሻገረች፤ እኛም ለአንድ ዓመት የሚያሠራ ውል አገኘን።

እንግዶቹ ሲሄዱ አቶ በኮድን ላመሰግናቸው ጠጋ አልኩ። ወንበር ሳቡልኝና ዘጠኝ ለምን ዘጠኝ እንዳልሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ። እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን፣ ከሰውዬው ንዝንዝ ራቅ እንድል አስበው መሰለኝ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ልስጥህ አሉኝ። ግድ የለም፣ እዚሁ ይመቸኛል አልኳቸው።