ነፍጥ አንባቢዋ

ሀብታም ሰው ያረጀ ነገር ሲወድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እምሠራበት ቤት፣ ካርቱም ሪያድ ሰፈር፣ ያኔ ከተማዋ ገና ሰላም ሳለች፣ ወንበሩ ያረጀ፣ ምንጣፉ ያረጀ፣ የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ዘመን ያለፈው። «ጥንታዊ ነው» ይባላል። ወሎ እናቴ ቤት የነበረው ዕቃ ሁሉ ጥንታዊ ነበር፤ ግን ማንም ሊያየው መጥቶ አያውቅም። ደግሞ አንድ የሚገርመኝን ልንገራችሁ፦ ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል፤ ሠራተኛ ስታረጅ ግን «ዘይነብ ዘንድሮ ደከመች» ትባላለች። ዘይነብ እኔ ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲጨምርልኝ ያየሁት የወገብ ሕመሜ ብቻ ነው።

የቤቱ ጌታ ሐጂ በሺር ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አላህ ይጠይቀኛል። ልክፍታቸው አንድ ነው፤ የድሮ ወታደር ነፍጥ። ባሩዱን በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ዛሬ ቢተኮስ መጀመሪያ ተኳሹን የሚገድል ዓይነት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አሥራ ሰባት ተሰቅሏል። አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ የእያንዳንዳቸውን ጠባይ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን በሎሚና በአመድ ፈትጌ ፈትጌ፣ ዝገቱን አራግፌ መስታወት አስመሰልኩትና ምርቃት ስጠብቅ፣ ሐጂ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ለካ የገዙት ዝገቱን ኖሯል።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ወሎ ያለችው ልጄ ሰሚራ በወሩ መጨረሻ ኒካሕ ልታስር ነው። ጃዋዜ፣ ፓስፖርቴ ማለት ነው፣ «እንዳይጠፋብሽ» ተብሎ ሐጂ መሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈበት አሥራ አንድ ዓመቱ። ፈቃድ ስጠይቃቸው «ኢንሻአላህ» አሉኝ። ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት ነው፤ አላህ ሲፈቅድ የሚሆንና ሐጂ እስኪፈቅዱ የሚቆይ። የኔው ሁለተኛው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ፣ ራሱን «ኸቢር ነኝ፣ አዋቂ ነኝ» የሚል ነጋዴ አንድ ነፍጥ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። የሐጂ ወዳጆች ተሰብስበዋል። ሰውየው ሰደፉን አሸተተ፣ ብረቱን በምላሱ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«የሐበሻ ንጉሥ ነፍጥ ነው» አለ። «ቃሉም ሰደፉ ላይ ተቀርጿል።»

ሻይ ይዤ ስገባ ሐጂ ጠሩኝ። «ያ ዘይነብ፣ የናንተ ፊደል ነው። አንብቢልን።»

የነጋዴው ፊት ተለወጠ። ሻይ የምታመጣ ሴት ማንበብ ትችላለች ብሎ አላሰበም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጠማማ ቢሆንም ይነበባል፦ «በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።» ጠዋት በመቀስ የቀደድኩት የሽሮ ላስቲክ ላይ ያለው ቃል፣ ከነአራት ነጥቡ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሽሮ ነው ብል ሐጂ በወዳጆቻቸው ፊት ይዋረዳሉ፤ የተዋረደ ሰው ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። የንጉሥ ነው ብል እንጀራቸውን እየበላሁ ዋሸኋቸው። ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩት።



«ሱብሓነላህ» አሉ ሐጂ። «ንጉሥ እንዲህ ነው። ለመሣሪያው እንኳ ያዝናል።»

አንደኛው ወዳጃቸው ነገሩ ምስጢር መሆኑን፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ማለት ተራራ መሆኑን አስረዳን። ነጋዴው ላቡን ጠርጎ «ብያችሁ ነበር» አለ። ነፍጡም አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ገባ። የኔ ክፍል ማራገቢያው ከተበላሸ ከረመ።

በማግስቱ ፈቃዴን ባነሳ፣ «እንዴት ትሄጃለሽ?» አሉኝ። «ነጋዴው ሌላ የሐበሻ ነፍጥ ሊያመጣልኝ ነው፤ ማን ያነብልኛል?» ማጀት ገብቼ አለቀስኩ፣ ወላሂ። አሥራ አንድ ዓመት ወጥ ሠርቼ ያላገኘሁትን ክብር በአንድ መስመር አገኘሁ፤ ክብሩ ደግሞ ልጄን እንዳልድር አሰረኝ።

በሳምንቱ ነጋዴው ሁለተኛውን ነፍጥ ይዞ መጣ። የዚህኛው ቃል ከበርበሬ ላስቲክ የተቀዳ ነው፦ «ከከፈቱ በኋላ በደንብ ይክደኑት።» ብዙ ጊዜ አተኩሬ አየሁትና ራሴን ነቀነቅሁ።

«ምን ይላል?»

«ይቅርብዎት ሐጂ። ከባድ ቃል ነው።»

«ንገሪኝ አልኩ እኮ።»

«"ይህን ያነበበ ሰው ወሩ ሳያልቅ አገሩን ካልረገጠ፣ በዚህ ቤት ያለ ነፍጥ ሁሉ ዝገቱ ይርገፍ" ይላል።»

ሐጂ ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አሥራ ሰባቱንም አንድ በአንድ ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ ነጋዴውን አዩት፤ እሱ ምስኪን ምን ይበል? ፊደሉን አያውቀው፣ አላውቅም አይል።

«ልክ ናት» አለ። «ያገሩ ልማድ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ መሳቢያውን በገዛ እጃቸው ከፍተው ጃዋዜን ሰጡኝ። «ያላ ዘይነብ፣ ፍጠኚ» እያሉ ሻንጣዬን እስከ በሩ ያዙልኝ። ሐቁን ስናገር ታሰርኩ፤ ስዋሽ ተሸኘሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ግን ሰሚራን ዳርኩ።

ከሠርጉ ተመልሼ ስገባ ሐጂ መሳቢያቸውን ከፍተው እጃቸውን ዘረጉ። ጃዋዙን አልሰጠኋቸውም። የት አደረግሽው ቢሉኝ፣ «ንጉሡ እንዳሉት ነው ሐጂ» አልኳቸው፤ «በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጧል።»